በደም ሥር ውስጥ ለሚከናወን ሕክምና የባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል መሪነት

መግቢያ

በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል በምትከፈት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር በማትሞላ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ አንጎል፣ እስከ ልብ ወይም እስከ ኩላሊት የደም ሥር ድረስ በመዝለቅ የሚሰጥ ሕክምና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሰውነትን በሰፊው መክፈት ስለማያስፈልግ ታካሚው የሚያጣው ደም ያነሰ፣ የሚያገግምበትም ጊዜ ያጠረ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም የሚገኘው በአንድ ዋጋ ነው፤ ሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ በዓይኑ አያየውም፣ በእጁም አይዳስሰውም። ቱቦው የት እንደ ደረሰ፣ የታመመው ስፍራ ምን ያህል እንደሚሰፋና ወደየት እንደሚታጠፍ የሚነግረው ምስል ብቻ ነው። ምስሉ ከተሳሳተ እጁም ይሳሳታል።

ይህ ጽሑፍ ባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል፣ በተለምዶ «ስሪ ዲ» የሚባለው፣ በዚህ ዓይነቱ ሕክምና ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚጠቅምና የት ላይ ሊያታልል እንደሚችል ያስረዳል። የተዘጋጀው ሕክምናው ለታዘዘላቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው፣ እንዲሁም ታካሚዎችን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ለሚልኩ የጤና ባለሙያዎች ነው። ታካሚው ከሐኪሙ ጋር የሚያደርገውን ምክክር አይተካም።

የጥላው ችግር

ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ራጅ በመሠረቱ የጥላ ምስል ነው። በኩራዝ ብርሃን ፊት እጁን ይዞ የግድግዳውን ጥላ የተመለከተ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ሁለት ጣቶች አንዱ ከሌላው ኋላ ሲቆሙ በግድግዳው ላይ አንድ ጣት ብቻ ይታያል፤ ወደ ብርሃኑ የተቀሰረ ጣትም ክብ ነጥብ መስሎ ይቀራል። የደም ሥርም እንዲሁ ነው። ከፊት የሚያልፈው ከኋላ ያለውን ይሸፍናል። ወደ ተመልካቹ የታጠፈ ጤናማ የደም ሥር እብጠት ሊመስል ይችላል። ጥበቱ በአንድ ጎን ብቻ የሆነ የደም ሥር ደግሞ ከሌላው ጎን ሲታይ ምንም የጎደለው አይመስልም።

በተጨማሪም የደም ሥር በተራ ራጅ አይታይም። እንዲታይ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ሊወጋበት ይገባል። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 በሊዝበን የአንጎልን የደም ሥሮች ያሳየው በዚህ መንገድ ነበር። በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቱቦውን በራሱ ክንድ አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰ፤ በጊዜው የተነቀፈበት ይህ ድፍረት በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጎታል። ስዊድናዊው ስቨን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953 በመርፌ ወግቶ፣ በመርፌው ውስጥ መሪ ሽቦ አሳልፎ፣ በሽቦው ላይ ቱቦውን የማስገባትን ዘዴ አስተዋወቀ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በየዕለቱ ይሠራበታል። ምርመራው ወደ ሕክምና የተሸጋገረው በጥር ወር 1964 ነው፤ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ቻርልስ ዶተር እግራቸው እንዲቆረጥ ያልፈቀዱ የ82 ዓመት እናት የጠበበ የጭን የደም ሥር በቱቦ ከፈተ።

እነዚህ ሁሉ የሠሩት በጠፍጣፋ ጥላ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ምስሉን ከሁለትና ከሦስት ማዕዘን ደጋግሞ በማንሳት ቅርጹን በአእምሮው ይገነባ ነበር። ዛሬም ባለ ሦስት አውታረ መጠን መሣሪያ በሌለባቸው ሆስፒታሎች ሥራው የሚከናወነው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ በብዙ ሕክምናዎች በቂ ነው። መሣሪያው አለመኖሩ ብቻውን ታካሚው የተጓደለ ሕክምና አግኝቷል አያሰኝም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ቅርጹ ውስብስብ በሆነ ጊዜ ነው።

ጥላ እንዴት አካል ይሆናል?

መፍትሔው ጥላውን ከብዙ ማዕዘን ሰብስቦ ቅርጹን በሒሳብ መልሶ መገንባት ነው። የዚህ አሳብ መነሻ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሲቲ ስካን ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ ጎድፍሪ ሀውንስፊልድና አላን ኮርማክ የ1979ን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሲቲ ስካን ግን ሌላ ክፍል ያለ ማሽን ነው፤ ታካሚው ቱቦ በደም ሥሩ ውስጥ እያለ ወደዚያ ማመላለስ ያዳግታል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተስፋፋው አዲስ ነገር ቅርጹን በሕክምናው ጠረጴዛ ላይ እያሉ መገንባት መቻሉ ነው።

በካቴተር ሕክምና ክፍል ውስጥ ታካሚው የሚተኛበትን ጠረጴዛ ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ በላቲን ፊደል «ሲ» ቅርጽ የተሠራ ትልቅ ክንድ አለ። በአንዱ ጫፍ የራጅ ጨረር አመንጪው፣ በሌላው ጫፍ ጨረሩን ተቀባዩ ሰሌዳ ይገኛል። ባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል ሲፈለግ ክንዱ በታካሚው ዙሪያ ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ቅስት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይዞራል፤ በዙረቱም ከመቶ በላይ ምስሎችን ሊያነሳ ይችላል። በዚያው ቅጽበት ኮንትራስቱ በፓምፕ አማካይነት ሳይቋረጥ ይወጋል። ኮምፒዩተሩ ምስሎቹን አገናኝቶ የደም ሥሮቹን ሙሉ ቅርጽ ያወጣል። ሐኪሙ ያንን ቅርጽ በስክሪኑ ላይ እንደ ዕቃ እያገላበጠ ከላይ፣ ከታች፣ ክንዱ ሊደርስባቸው ከማይችሉ አቅጣጫዎች ጭምር ይመለከተዋል።

ዙረቱ በሚደረግበት ጊዜ ታካሚው ፍጹም ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። የደረት ወይም የሆድ ምስል ከሆነ ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። ኮንትራስቱ ሲወጋ ብዙ ሰዎች ድንገተኛ ሙቀት ይሰማቸዋል፤ ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ይህ ስሜት ያስደነግጣል። አስቀድሞ የተነገረው ታካሚ አይደነግጥም፤ ካልደነገጠም አይንቀሳቀስም። በጥቂት ሚሊ ሜትር መነቃነቅ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ዙረቱም ሊደገም ይገባል፤ ይህም ተጨማሪ ጨረርና ተጨማሪ ኮንትራስት ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያው ለዚህች ማብራሪያ የሚያጠፋት ደቂቃ ከሕክምናው ተለይታ መታየት የለባትም።

የአንጎል አኑሪዝም፦ ማዕዘኑ የሚወስነው ነገር

የዚህ ምስል ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየው አኑሪዝም በተባለው የአንጎል የደም ሥር ሕመም ላይ ነው። አኑሪዝም የደም ሥሩ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ ወደ ውጭ ተነፍቶ የሚፈጥረው ከረጢት ነው። ከረጢቱ ከእናት የደም ሥሩ ጋር የሚገናኝበት ክፍል አንገት ይባላል። ብዙዎቹ ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ። ከፈነዱ ግን ደሙ በአንጎል ዙሪያ ይፈሳል፤ ታካሚው በሕይወቱ ቀምሶት የማያውቅ ድንገተኛ የራስ ምታት ይመታዋል፣ ያስታውከዋል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ይህ በየትኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድን የሚጠይቅ አደጋ ነው።

ሕክምናው ሁለት ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው የራስ ቅልን ከፍቶ አንገቱን በብረት ቆንጣጭ መዝጋት ነው። ሁለተኛው በደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከረጢቱን ኮይል በሚባል ለስላሳ የፕላቲነም ሽቦ መሙላት ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ጊዶ ጉሊየልሚ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካስተዋወቀው በኋላ ተስፋፍቷል። በ2002 ውጤቱ የታተመውና 2,143 ታካሚዎች የተካተቱበት ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከረጢታቸው ፈንድቶ ለሁለቱም መንገድ ምቹ ከነበሩት ሰዎች መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እርዳታ ጠባቂ የሆኑት በኮይል ከታከሙት 23.7 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 30.6 በመቶ እንደ ነበሩ አሳይቷል። በሌላ በኩል በኮይል የተሞላ ከረጢት እንደገና ሊከፈት ስለሚችል ተከታታይ ምርመራ ይጠይቃል። ለሁለቱም ምቹ ያልሆነ አኑሪዝምም አለ። ለየትኛው መንገድ ምቹ እንደ ሆነ የሚታወቀው ደግሞ በቅርጹ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ ይለውጣል። አንገቱ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም የከረጢቱ ስፋት ከአንገቱ ስፋት እጥፍ በታች ሲሆን፣ «ሰፊ አንገት» ይባላል፤ ኮይሉም ወደ እናት የደም ሥሩ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ፊኛ ወይም ስቴንት ደጋፊ ሆኖ ሊያስፈልግ ይችላል። ስቴንት ከተተከለ ታካሚው የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶችን ለወራት መውሰድ አለበት፤ ከረጢቱ በቅርቡ ለፈነዳበት ሰው ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የመጀመሪያው ኮይል ከሚገባው በላይ ቢተልቅ ግድግዳውን ሊቀድ፣ ቢያንስ ደግሞ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ ከጥላ ላይ ተገምቶ ሳይሆን ከሙሉ ቅርጹ ላይ ተወስዶ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛውና ምናልባትም ዋነኛው ጥቅም የሥራ ማዕዘን የሚባለውን ማግኘት ነው። ሐኪሙ ቅርጹን እያሽከረከረ አንገቱ ከእናት የደም ሥሩ ተለይቶ፣ በአጠገቡም የሚያልፉ ቅርንጫፎች ሳይሸፍኑት የሚታይበትን አንድ አቅጣጫ ይፈልጋል። ሲያገኘው ክንዱ ወደዚያው ማዕዘን እንዲዞር ያዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ በዚያ አቅጣጫ በሚታይ ሕያው ምስል ይከናወናል። ባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል ባልነበረበት ጊዜ ይህን ማዕዘን ለማግኘት ኮንትራስት ደጋግሞ መውጋት ያስፈልግ ነበር፤ አንዳንዴም ሳይገኝ ይቀር ነበር።

ምስሉ የሚያታልልባቸው ቦታዎች

በስክሪን ላይ የሚሽከረከረው ቅርጽ እጅግ ያማረ ስለሆነ እውነት ራሱ ይመስላል። አይደለም። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ጥቃቅን የምስል ኩብ «ይህ የደም ሥር ነው፣ ይህ አይደለም» እያለ የሚለይበት የብሩህነት ወለል አለ፤ ወለሉን የሚወስነው ሰው ነው። ወለሉ ከፍ ሲል የደም ሥሮቹ ይቀጥናሉ፤ ከአንገቱ አጠገብ የሚወጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎችም ከምስሉ ይጠፋሉ። ዝቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ይወፍራል፤ የተቀራረቡ ሁለት የደም ሥሮችም የተጣበቁ ይመስላሉ። አንድ አንገት በአንዱ ወለል ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ሆኖ ሊለካ ይችላል። የጠፋው ቅርንጫፍ ለንግግር ወይም ለእጅ እንቅስቃሴ ደም የሚያደርስ ቢሆንና ሳይታወቅ ቢዘጋ ጉዳቱ ቋሚ ነው። ስለሆነም ልኬትና ውሳኔ በጥሬዎቹ ጠፍጣፋ ምስሎችና በስስ ቁራጮቹ ላይ ሊረጋገጡ ይገባል። የተዋበውን ምስል ብቻ አይቶ መወሰን፣ በተለይ በጀማሪ ባለሙያዎች ዘንድ፣ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

ብረትም ያታልላል። ቀድሞ የገባ ኮይል ወይም ቆንጣጭ በምስሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ጨረራ ጥሎ በአቅራቢያው ያለውን ያበላሻል።

በአኦርታ ላይ፦ የትናንት ካርታ በዛሬ መንገድ

ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ሥር አኦርታ በሆድ ውስጥ ሲለጠጥ፣ ስፋቱ በወንዶች 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በሴቶች ደግሞ ከዚያ ባነሰ ልክ ሕክምና ይታሰባል። ሆድን ከፍቶ ከመተካት ሌላ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ስቴንት በብሽሽት በኩል አስገብቶ ከውስጥ መሸፈን ይቻላል፤ አርጀንቲናዊው ሁዋን ፓሮዲ በ1990 በቦነስ አይረስ ይህን ካከናወነ በኋላ ዘዴው በዓለም ታውቋል። የስቴንቱ ጨርቅ ለኩላሊት ደም የሚያደርሱትን የደም ሥሮች መክፈቻ ሳይሸፍን፣ ከእነርሱ በታች ባለው ጤናማ ግድግዳ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ ጤናማ ክፍል በአብዛኛው ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ይፈለጋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ መሳሳት ኩላሊትን ያሳጣል፤ ወደ ታች መሳሳት ደም በጎን እንዲሾልክ ያደርጋል።

እዚህ ላይ የሚረዳው የምስል ማጣመር ነው። ከሕክምናው ቀናት በፊት በሲቲ ስካን የተነሳው ቅርጽ፣ የኩላሊት የደም ሥሮች መክፈቻ በቀለበት ምልክት ተደርጎበት፣ በሕክምናው ሰዓት በሚታየው ሕያው ራጅ ላይ እንደ ስስ ሻሽ ይነጠፋል። ሁለቱን ለማግጠም የጀርባ አጥንት ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስና ክንዱ ሲዞር ካርታው አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ መክፈቻዎቹን ለማግኘት ኮንትራስት ደጋግሞ መውጋት አያስፈልግም። ኩላሊቱ ቀድሞውኑ ለደከመ ታካሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ካርታው የትናንት ነው። ጠንካራው መሪ ሽቦና ስቴንቱን የተሸከመው ቱቦ ሲገቡ የተጠማዘዘውን አኦርታ ያቀናሉ፤ የኩላሊት የደም ሥሮች መክፈቻም አብሮ ይፈናቀላል። ታካሚው ሲተነፍስም ኩላሊት ይወጣል፣ ይወርዳል። በመሆኑም ስቴንቱ ከመለቀቁ በፊት በጥቂት ኮንትራስት የመጨረሻ ማረጋገጫ ማድረግ ግዴታ ነው።

በሌሎች ሕክምናዎች የምስሉ ድርሻ ባጭሩ ይህን ይመስላል። የአኦርታ በር ክዳን በካቴተር ሲተካ የክዳኑ መጠን የሚመረጠው ከሲቲ ስካኑ ቅርጽ ላይ በሚወሰድ ልኬት ነው። ለጉበት ዕጢ ደም የሚያደርሱ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ለይቶ ለመዝጋት የክንዱ ዙረት ያግዛል። በአገራችን ወጣቶችን በሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የጠበበ የልብ ክዳን በፊኛ ሲሰፋ ደግሞ ምርጫው በአብዛኛው የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ጨረር የለውም፣ የክዳኑንም ሁኔታ ይበልጥ ያሳያል። ውድ መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ መሣሪያ አይደለም።

ጨረር፣ ኮንትራስትና ኩላሊት

የክንዱ ዙረት ራሱ ጨረር ነው። ጥቅሙ የሚመዘነው ተከትሎ የሚመጣውን ምስል ማንሳት ሲቀንስ ነው፤ ቀላል በሆነ የደም ሥር ጥበት ላይ ለማማር ብቻ ማንሳት ተገቢ አይደለም። ረጅም በሆነ ሕክምና በአንድ የቆዳ ቦታ ላይ የሚያርፈው መጠን ከ2 ግሬይ ሲያልፍ ቆዳው ሊቀላ፣ ከዚያ በላይ ሲጨምር ፀጉር ለጊዜው ሊረግፍ ይችላል። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት በጀርባ ወይም በራስ ቅል ላይ የማይጠፋ መቅላት ወይም ቁስል የታየበት ታካሚ «በራጅ ክፍል ነበርኩ» ብሎ ለሚያየው ሐኪም መናገር ይኖርበታል፤ ካልተናገረ ቁስሉ ለሌላ ሕመም ተቆጥሮ ለብዙ ጊዜ በከንቱ ሊታከም ይችላል። ለባለሙያዎች ደግሞ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ2011 ለዓይን ሌንስ ያስቀመጠው ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ በዙረቱ ጊዜ ከክፍሉ መውጣት ወይም ከመከላከያ ግድግዳ ኋላ መቆም የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ኮንትራስት የኩላሊት ድካም ባለባቸው፣ በተለይም የስኳር ሕመምተኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል አስቀድሞ የክሬያቲኒን ምርመራ ይደረጋል። ሜትፎርሚን የሚወስድ ታካሚ እንደ ኩላሊቱ ሁኔታ መድኃኒቱን ለ48 ሰዓት እንዲያቋርጥ ሊታዘዝ ይችላል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። አዮዲን ያለበትን ፈሳሽ መታገስ ለማይችሉ ታካሚዎች ከሆድ በታች ላሉ የደም ሥሮች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሊተካ ይችላል፤ ለልብና ለአንጎል ግን ፈጽሞ አይውልም።

ከሕክምናው በፊት ታካሚው ሊናገራቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ነፍሰ ጡር መሆን ወይም መጠርጠር፣ ቀድሞ በኮንትራስት የታየ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት መውሰድ፣ የባህል መድኃኒት መጠቀም፣ ከዚህ በፊት የተተከለ ብረት መኖር ሁሉም አስቀድመው ሊነገሩ ይገባል። በጾም ወቅት ሕክምና የሚያደርጉ ታካሚዎች ምን ያህል ሰዓት ከምግብና ከውኃ እንደ ቆዩ በትክክል ይናገሩ። ለማደንዘዣ ሲባል ምግብ ለተወሰነ ሰዓት ይከለከላል፤ ይሁን እንጂ ከታዘዘው በላይ ከውኃ መራቅ ኩላሊትን ለኮንትራስት ጉዳት ያጋልጣል። ስለ ብርታት ተብሎ የሚደበቅ ነገር መሆን የለበትም።

ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን

ታካሚዎች ወደ አዲስ አበባ ከፍተኛ ሆስፒታሎች ወይም ለሕክምና ወደ ህንድ፣ ወደ ቱርክና ወደ ታይላንድ ሲሄዱ በትልቅ ፖስታ የታሸገ ፊልም ይዘው መታየታቸው የተለመደ ነው። ፊልሙ ግን በመቶዎች ከሚቆጠሩ ቁራጮች መካከል የተመረጡ ጥቂቶቹ ብቻ የታተሙበት ነው። ከእርሱ ላይ የደም ሥሩን ቅርጽ መልሶ መገንባት፣ ማዕዘን መፈለግም ሆነ ስቴንት መለካት አይቻልም። ሙሉው መረጃ ያለው ዳይኮም በሚባለው ዲጂታል ቅርጽ ሲሆን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይሰጣል። ይህ ሳይያዝ ሲቀር ምርመራው እንደገና ይደረጋል፤ ታካሚው ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል፣ ሁለተኛ ጊዜ ለጨረርና ለኮንትራስት ይጋለጣል፣ አኑሪዝሙ ለፈነዳበት ሰው ደግሞ ውድ ሰዓት ይጠፋል።

ስለዚህ ምርመራው እንዳለቀ ስስ ቁራጮቹ ሙሉ በሙሉ የተካተቱበትን ሲዲ መጠየቅ፣ ከመውጣት በፊት በኮምፒዩተር መከፈቱን ማረጋገጥና ቅጂውን በቤተሰብ እጅ ማስቀመጥ ይመከራል። ላኪው ሐኪምም በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ሲዲው መያያዙን፣ የመጨረሻውን የክሬያቲኒን ውጤትና የምልክቱን መጀመሪያ ሰዓት ይጻፍ።

ከሕክምናው በኋላ

ቀዳዳው በብሽሽት ከሆነ ታካሚው እግሩን ሳያጥፍ ለሰዓታት ይተኛል። ቦታው ቢደማ ወይም ድንገት ቢያብጥ በእጅ አጥብቆ ተጭኖ ወዲያውኑ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የእግር መቀዝቀዝና መገርጣት ለነገ የማይባሉ ምልክቶች ናቸው።

ኮይል፣ ስቴንት ወይም ክዳን የተተከለለት ሰው የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና የተተከለበት ቀን የተጻፈበትን ካርድ ተቀብሎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። የፕላቲነም ኮይል በአብዛኛው ኤምአርአይ ከማንሳት አይከለክልም፤ ሆኖም የኤምአርአይ ባለሙያው ይህን የሚያረጋግጠው ከካርዱ ላይ ነው፣ ካርድ ከሌለ ግን ምርመራውን ሊያዘገይ ወይም ሊተወው ይችላል።